ብላክቤሪ በቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ገጠር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝ አገር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከከተማ ወጣ ብሎ በእግሩ የሄደ ሰው ያየዋል። መንገዱ ዳርና ዳር በቁጥቋጦ ታጥሯል፤ አጥሩ ላይ እሾሃም ሐረግ ተጠምጥሞ ጥቁር ፍሬ አንጠልጥሏል። ዛሬ አብዛኛው ሰው ሁለት ሦስት ፍሬ ቀንጠስ አድርጎ ወደ አፉ ይልና መንገዱን ይቀጥላል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ለእርሻ ሠራተኛ ቤተሰብ የክረምት ጫማ መግዣ ነው፣ ለልጆች ከትምህርት ቤት መቅሪያ ነው፣ ለአሮጊቶች መድኃኒት ነው። ስለዚህ ፍሬ ሳወራ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብላክቤሪ የኛው እንጆሪ ነው እንዴ?

የቅርብ ዘመዱ ነው። ከተማ ውስጥ እንጆሪ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ቀዩንና ለስላሳውን ስትሮቤሪ ነው። ደጋ ገጠር ያደገ ሰው ግን ሌላ እንጆሪ ያውቃል፤ ወንዝ ዳርና አጥር ላይ የሚበቅለውን፣ ልብስ የሚይዘውን፣ እጅ የሚቧጭረውን። ያ እንጆሪና የእንግሊዙ ብላክቤሪ ሩቡስ ከሚባለው አንድ ወገን ናቸው። በብሪታንያ ብቻ ከ300 በላይ ዓይነት አለ፤ እርስ በርስ በጣም ስለሚመሳሰሉ እነሱን ለይቶ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፣ ባቶሎጂ ይባላል።

ባቶሎጂ የሚለው ስም የመጣው ባቶስ ከሚል የግሪክ ቃል ነው፣ ትርጉሙም እሾሃም ቁጥቋጦ። ይህን ቃል እናንተም ታውቁታላችሁ። ሙሴ በሲና ተራራ ያያት፣ እየነደደች ያልተቃጠለችው ዕፅ በግሪኩ መጽሐፍ ቅዱስ ባቶስ ተብላለች፤ በኛ ቤተ ክርስቲያን ዕፀ ጳጦስ የምንላት ከዚያው ቃል ነው። ሲና ላይ ባለው በቅድስት ካትሪን ገዳም ዛሬም ለምእመናን የምትታየው ዕፅ የዚሁ የእንጆሪ ወገን ናት። እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ አጥር ላይ ያለውን ሐረግ እንደ በፊቱ አላየውም።

የቪክቶሪያ ዘመን ስንል መቼ ማለታችን ነው?

ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችው ከ1837 እስከ 1901 ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ የጻፉላት ያቺው ናት።

የሚለቅመው ማን ነበር?

በዋናነት ሴቶችና ልጆች። ምክንያቱን ለመረዳት የአባወራውን ደመወዝ ማየት ይበቃል። በ1850 እና 1851 በተደረገ ጥናት በደቡብ እንግሊዝ የአንድ የእርሻ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ በአማካይ 8 ሺሊንግ ከ5 ፔንስ ነበር። ፋብሪካ ያለበት ሰሜኑ ይሻላል፣ 11 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ። አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ነው። በዚያ ብር የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ ዳቦ ይገዛል፣ ስድስት ሰባት ልጅ ያድጋል። ስለዚህ ከዳቦ ውጭ ያለው ነገር ሁሉ፣ በተለይ የልጆች ጫማ፣ በጎን ከሚገኝ ገንዘብ መምጣት ነበረበት።

ያ የጎን ገንዘብ ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል። መጀመሪያ አዝመራው ሲሰበሰብ ቃርሚያ አለ፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ማሳው ላይ የወደቀውን ዛላ ይለቅማሉ። ከዚያ ብላክቤሪ ይደርሳል። ከዚያ ድንች መልቀም አለ፣ ለአሳማ የሚሆን የባሉጥ ፍሬ መሰብሰብ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ብላክቤሪ የሚለየው ማንንም አለማስፈቀዱ ነው። ቃርሚያ የገበሬውን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ድንች የሰው ማሳ ነው፤ ይሄ ግን መንገድ ዳር ያለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ቀደም ሲል በየመንደሩ የጋራ መሬት ነበር፤ ድሃው ላሙን የሚያሰማራበት፣ ማገዶ የሚለቅምበት። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፓርላማው በሕግ እየፈቀደ ያ መሬት ታጠረና ለባለ ርስቶች ተከፋፈለ። በቪክቶሪያ ዘመን አዲስ የመጣው የ1845 ሕግ ደግሞ ሥራውን አፋጠነው። የታጠረው በምንድን ነው? በእሾሃም ቁጥቋጦ አጥር። በዚያ አጥር ላይ ወፍ ዘሩን ጣለ፣ ብላክቤሪውም ተንሰራፋ። መሬቱን የከለከላቸው አጥር ፍሬውን ሰጣቸው ማለት ነው።

ልጆቹ ትምህርት አልነበራቸውም?

ነበራቸው፣ ግን ይፎርፉ ነበር! ከ1860ዎቹ ጀምሮ ከመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ የውሎ መዝገብ እንዲጽፍ ይገደድ ነበር። ብዙዎቹ መዝገቦች ዛሬም በየአውራጃው ቤተ መዛግብት አሉ። የመስከረም ገጾቻቸውን የገለጠ ሰው አንድ ዓይነት ቅሬታ ደጋግሞ ያገኛል፦ ልጆቹ ብላክቤሪ ሊለቅሙ ሄደዋል፣ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ዛሬም አልመጡም።

የመምህሩ ብስጭት ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነበር። በ1862 የወጣው ደንብ ለትምህርት ቤት የሚሰጠውን ድጎማ ከልጆች መገኘትና ከፈተና ውጤት ጋር አሰረው። በአማካይ ክፍል ውስጥ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ልጅ 4 ሺሊንግ ይከፈላል። ከ200 ጊዜ በላይ የተገኘ ልጅ ደግሞ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ተፈትኖ ሲያልፍ 8 ሺሊንግ ይጨመራል። ልጁ ቅርጫቱን ይዞ ወደ አጥሩ ሲሄድ የትምህርት ቤቱ ገቢ አብሮ ይሄዳል፣ የመምህሩ ደመወዝም ይነካል። ልጁ ቢማር ይሻለዋል የሚለው መምህርና ዛሬ ጫማ ያስፈልገዋል የምትለው እናት፣ ሁለቱም ልክ ነበሩ። በ1880 ከ5 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲሄድ በሕግ ግዴታ ሆነ። እንዲያም ሆኖ መስከረም ሲመጣ ብላክቤሪው አሸነፈ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ታግሎ ሲደክመው የዕረፍት ጊዜውን ከለቀማው ጋር አስማማው።

በምዕራብ እንግሊዝ ለዚህ የራሳቸው ቃል ነበራቸው፣ ሙች ወይም ሙቺንግ። አንድ ልጅ ሙች አደረገ ሲባል ከትምህርት ቤት ፎረፈ ማለት ነው፤ ብላክቤሪ ለቀመ ማለትም ነው። አንዱን ካደረገ ሌላውን ማድረጉ አይቀርምና ቃሉ አንድ ሆነ።

የመሬቱ ባለቤት ዝም ይል ነበር?

ሁልጊዜ አይደለም። ጠባቂዎች ልጆችን ያባርሩ ነበር፣ በተለይ የባለ ርስቱ የአደን ወፎች ባሉበት ጫካ አጠገብ። በሕግ በኩል ግን ለቃሚው የተሻለ ቦታ ነበረው። የ1861 የስርቆት ሕግ የሚቀጣው ሰው ያለማውን ከአትክልት ቦታና ከእርሻ የሚወስደውን ነው። ማንም ያልተከለውን የዱር ፍሬ መልቀም ስርቆት አይባልም ነበር። በ1887 አንድ ሰው ከሰው መስክ ላይ የዱር እንጉዳይ ለቀመ ተብሎ ከተቀጣ በኋላ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሽሮታል፤ ብላክቤሪ ለሚለቅሙትም ትልቅ ነገር ነበር።

ስሙ በየቦታው ይለያያል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ፍሬውንም ሐረጉንም ብራምብል ይሉታል። በደቡብ እንግሊዝ ብራምብል ሐረጉ ነው፣ ፍሬው ብላክቤሪ። በሰሜን፣ በኩምበርላንድና በደርሃም በኩል ደግሞ በምብልካይት የሚል ስም አለው። ካይት በዚያ አካባቢ ሰዎች ቋንቋ ሆድ ማለት ነው። ጥሬውን የበላ ልጅ ሆዱ ሲያጉረመርም ሰምታችሁ ከሆነ ስሙ ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብዳችሁም። ስካልድቤሪ የሚሉትም ነበሩ፤ ልጅ ካበዛው ራሱ ላይ ቁስል ይወጣበታል ከሚል ፍርሃት የተነሣ ነው።

እነዚህ ቃላት ዛሬ የሚታወቁት ሰው ስለደከመላቸው ነው። የባቡርና የትምህርት ቤት መስፋፋት የገጠሩን ቋንቋ እያጠፋው መሆኑን ያዩ ሰዎች በ1873 የእንግሊዝ ቀበሌኛዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ከዚያ ሥራ የተገኘውን ቃል ሁሉ ይዞ ከ1898 እስከ 1905 በስድስት ቅጽ መዝገበ ቃላት ያወጣው ጆሴፍ ራይት ነው። ራይት የዮርክሻየር ድሃ ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ የአህያ ጋሪ ይነዳ ነበር፣ በፋብሪካም ሠርቷል፣ ማንበብ የተማረው ወደ 15 ዓመቱ ገደማ ነው። በኋላ ኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ። የለቃሚዎቹን ቋንቋ መዝግቦ ለማቆየት ከእነሱ መካከል የወጣ ሰው መምጣቱ እኔን ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

በዕለት ንግግር ውስጥስ ምን ይሉ ነበር?

ብዙ ይሉ ነበር፤ በጣም የተለመደው «እንደ ብላክቤሪ የበዛ» የሚለው ነው። እኛ እንደ አሸዋ፣ እንደ ጤፍ እንደምንለው ማለት ነው። አባባሉ ከቪክቶሪያ ዘመን የቆየ ነው፣ ሼክስፒርም ተጠቅሞበታል፤ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጋዜጣውም ሰባኪውም ገበሬውም ይለው ነበር። በዛ ብሎ የማይከበር ነገርን ለመግለጽም ይጠቅማል፦ ስጦታ እንደ ብላክቤሪ በየአጥሩ አይለቀምም ዓይነት።

ልጆች እርስ በርስ የሚጠያየቁት እንቆቅልሽም አለ፦ «ብላክቤሪ አረንጓዴ ሲሆን ቀይ ነው»። ምን ማለት ነው? በእንግሊዝኛ ያልበሰለ ፍሬ አረንጓዴ ይባላል፣ እኛ ጥሬ እንደምንለው። ብላክቤሪ ደግሞ ጥሬ ሳለ ቀይ ነው፤ ጥቁር የሚሆነው ሲበስል ነው።

በሃምፕሻየር በኩል በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር መጀመሪያ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ለጥቂት ቀናት የሚመለሰውን ሞቃት አየር «የብላክቤሪ በጋ» ይሉታል። እኔ ከአባባሎቹ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፣ ጠዋት ጤዛው ቀዝቃዛ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ንቡም ተርቡም ፍሬው ላይ ነው።

ከሚካኤል በዓል በኋላ ብላክቤሪ አይበላም የሚባለው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ በጣም ይደጋገማል፣ መልሱም ከሁሉ ይጣፍጣል።

የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ሚካኤልን በዓል የሚያከብረው ሴፕቴምበር 29 ነው። በኛ መስከረም 19 ማለት ነው፣ ከመስቀል በሁለተኛው ቀን። ለገጠሩ ሰው ታላቅ ቀን ነበር። ኪራይ የሚከፈለው በዚያ ቀን ነው፣ ዝይ ይታረዳል፣ በብዙ ቦታም አገልጋይ ይቀጠራል።

ሚካኤል ሳጥናኤልን ከሰማይ እንደጣለው እናውቃለን። የእንግሊዝ ገጠር ሰው ታሪኩን በራሱ ሰፈር ጨረሰው። ሰይጣን ሲወድቅ ያረፈው ብላክቤሪ ቁጥቋጦ ላይ ነው አለ። እሾሁ ወጋው። በንዴት ሐረጉን ረገመው፣ ፍሬው ላይ ተፋበት። በየዓመቱም ያ ቀን ሲመጣ ተመልሶ ይተፋበታል። አንዱ መንደር ተፋበት ሲል ሌላው ረገጠው ይላል፣ ሌላው ካባውን ጣለበት ይላል። አየርላንድ ውስጥ ይህን የሚያደርገው ፑካ የሚሉት መንፈስ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የበላ ሰው ይታመማል፣ ወይ ክፉ ያገኘዋል።

ቀኑ ራሱ ያከራክር ነበር። በ1752 እንግሊዝ የቀን መቁጠሪያዋን ስትቀይር 11 ቀን ዘለለች፤ ሴፕቴምበር 2 አድረው 14 ላይ ነቁ። መንግሥት አዲሱን ሚካኤል ቢይዝም ብዙ ገጠር የድሮውን ሚካኤል አልተወም፤ እሱ ኦክቶበር 10 ወይም 11 ላይ ይውላል፣ በኛ መስከረም 30 አካባቢ። በቪክቶሪያ ዘመንም፣ መቶ ዓመት አልፎ፣ ሰይጣን የሚተፋው በድሮው ቀን ነው የሚሉ ነበሩ። በሁለት የቀን መቁጠሪያ መኖር ምን እንደሆነ ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ነገሩ ባዶ ወሬ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ዝናቡና ብርዱ ሲመጣ ፍሬው ውሃ ይቋጥራል፣ ግራጫ ሻጋታ ይወርሰዋል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ዝንቦችም ይወሩታል፤ ዝንብ ደግሞ የምትበላው መጀመሪያ ምራቋን ተፍታ፣ ምግቡን አሟሙታ ነው። እንግዲህ ተፍቶበታል ያሉት ሰዎች የተፋውን በስሙ አያውቁት እንጂ መተፋቱን በደንብ አይተዋል። ልጅን በሻጋታ ነገር ከመታመም በሰይጣን ስም ማስፈራራት ይሻላል ያለች እናት ብልህ ናት።

ለመድኃኒትነትስ?

የብላክቤሪ ሐረግ ሲረዝም ጫፉ ጎንበስ ብሎ መሬት ይነካና እዚያው ሥር ይሰዳል። በሁለቱም ጫፍ የተተከለ ቅስት ይሆናል። ትክትክ የያዘው ልጅ በዚያ ቅስት ሥር ቢያልፍ ይድናል ተብሎ ይታመን ነበር። ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ እንደየአገሩ ይለያያል፣ ዘጠኝ ጊዜ ማለት የተለመደ ነው። በኮርንዋል ለእባጭም ያደርጉታል። የኮርንዋል ሰዎች ለቃጠሎ ደግሞ ዘጠኝ ቅጠል በምንጭ ውሃ ነክረው ቁስሉ ላይ እያደረጉ ይደግማሉ፤ ድግምቱ ከምሥራቅ ስለመጡ ሦስት ሴቶች ነው፣ አንዷ እሳት ይዛ፣ ሁለቱ ውርጭ ይዘው፤ እሳቱ ውጣ፣ ውርጩ ግባ ይላል።

ትክትክ በዚያ ዘመን ብዙ ሕፃናትን የሚገድል በሽታ ነበር፣ ክትባትም አልነበረም። ልጇን ተሸክማ በጠዋት ወደ አጥሩ የሄደችን እናት ጅል ማለት አይቻልም።

አንዳንዱ ግን ይሠራ ነበር። ቅጠሉና ሥሩ አፍ የሚያኮማትር ነገር አላቸው፤ አፍልቶ መጠጣት ለተቅማጥ ይረዳል። ፍሬውን በኮምጣጤና በስኳር አፍልተው ለጉንፋን ያስቀምጡ ነበር።

ቤት ውስጥ ምን ይሠሩበት ነበር?

ከፖም ጋር በሊጥ ሸፍነው ይጋግሩታል። ማርማላታ ያፈሉታል። ወይን ይጥሉበታል። ከፖም ጋር የሚጣመረው ሁለቱ በአንድ ሰሞን ስለሚደርሱ ብቻ አይደለም፤ የበሰለ ብላክቤሪ ብቻውን አይረጋም፣ ፖሙ ነው የሚያረጋው። ለዚህም ነፋስ ያረገፈው፣ ገበያ የማይወጣው ፖም ይበቃል።

ማርማላታ ግን ስኳር ይፈልጋል፤ ስኳር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ቀረጥ ነበረበት። ቀረጡ እየቀነሰ ሄዶ በ1874 ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ነው ማርማላታ የተቀባ ዳቦ የድሃ ልጅ የዘወትር ምግብ የሆነው። የማርማላታ ፋብሪካዎችም በእነዚያ ዓመታት ተስፋፉ፣ ከየመንደሩ የተለቀመው ብላክቤሪም በባቡር ወደ ከተማ ይጫን ጀመር።

ሐረጉና እሾሁ ምንም ጥቅም አልነበረውም?

የንብ ቀፎ ይሰፉበት ነበር! የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቀፎ ከጭድ የተሠራ፣ የተደፋ እንቅብ የሚመስል ነው። ቀፎ የሚሰፋው ሰው በክረምት ረጅሙን ሐረግ ይቆርጣል። እሾሁን ይላጫል፣ ለአራት ይሰነጥቀዋል፣ ውስጡን ያወጣል። የቀረው ቀጭን ጠንካራ ልጥ ነው። ከዚያ የራሰ ጭድ ይዞ በተቆረጠ የላም ቀንድ ቀዳዳ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ ውፍረቱ እንዳይዛነፍ። ጭዱን እያዞረ፣ ከወፍ እግር አጥንት በተሠራ መውጊያ እየበሳ፣ ልጡን እያስገባ ይጠብቃል። ይህን መጀመሪያ ሳይ እናቴ ናት የታወሰችኝ፤ ወስፌዋን ይዛ፣ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። እጁ የሚሠራው ያንኑ ነው።

ወደ ሌላ አገር ወስደውታል?

ወስደዋል፣ ጦሱም አልበረደም። አውስትራሊያ የሄዱት ሰፋሪዎች የአገራቸውን ፍሬ ናፈቁ። በሜልበርን የመንግሥት የዕፅዋት ሊቅ የነበረው ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ራሱ ዘሩን በማሰራጨት ይታወቃል። ዛሬ እዚያ ብላክቤሪ በአገር ደረጃ ከሚታገሏቸው ክፉ አረሞች አንዱ ነው።

አሁን እንግሊዝ ነው የምኖረው። ልልቀም?

ልቀሙ። በእንግሊዝና በዌልስ የ1968ቱ ሕግም የዱር ፍሬን ለቤት መልቀም ስርቆት አይለውም፤ ለሽያጭ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሰው ግቢ አትግቡ። መኪና ከሚበዛበት መንገድ ራቁ፣ ውሻ ሽንቱን ከሚሸናበት ከፍታ በላይ ያለውን ያዙ። ረጅም እጅጌ ልበሱ። ቆልማማ እጀታ ያለው ዱላ ካላችሁ የላይኛውን ሐረግ ለመሳብ እንደ ድሮዎቹ ተጠቀሙበት። በየዘለላው ጫፍ ላይ ያለችው አንዷ ፍሬ ቀድማ ትበስላለች፣ ትልቋም ጣፋጯም እሷ ናት፤ ከእሷ ጀምሩ። ነካ ሲያደርጉት እጅ ላይ የሚወድቀው በስሏል። የሚታገላችሁን ተዉትና ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ።